ሂና የነካው ግንባር

ሃሊሞ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ሙሽራ እጅ ላይ የሂናውን የመጨረሻ ቅጠል እየሳለች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የባሏ የሽሬ ታናሽ ወንድም ሂሻም ነበር፤ ሽሬን ለልብ ሕክምና ይዞት አዲስ አበባ ሄዷል።

«አባዮ፣ እህቴ፣ የነገው ቀዶ ሕክምና ቀረ።»

«ልቡ ምን ሆነ?»

«ልቡ አይደለም፣ ግንባሩ ነው። ምን ቀብተሽው ነው አቦ? ሰውዬው የመጣው ለሕክምና ነው ለሠርግ እያሉ ይስቁበታል።»

ሽሬ ከመሄዱ በፊት ፀጉሩንና ፂሙን ያቀለመችው እሷ ነበረች። ወደ ዋሂል ከተማ የሚጭኑ መኪኖች ተራ አስከባሪ እንዴት ሽበቱን ይዞ ሐኪም ፊት ይተኛል ብላ፣ ለሙሽሮች የምትጠቀምበትን ጥቁር ቀለም ሂናው ላይ ጨመረችበት። ቀለሙ እስከ ቅንድቡ ወረደ።

«የሚከፍቱት ደረቱን አይደል? ግንባሩ ምን አገባው?»

ሂሻም ነርሷ ቢላን ያለችውን ደገመላት። ልቡ ሲከፈት ግንባሩ ላይ ግራና ቀኝ የሚለጠፍ ነገር አለ። በብርሃን እያየ አንጎሉ ስንት ኦክስጅን እንደሚደርሰው በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ከወረደ ሐኪሞቹ አንጎሉ ሳይጎዳ ይደርሱለታል። ቀለሙ ግን ብርሃኑን አላሳልፍ ብሏል።

የሃሊሞ ወንድም ዘካሪያ እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ነበር ልቡን የታከመው። ሲነቃ ልቡ ደህና ነበር፤ አንደበቱ ግን ተያዘ። ዓመት ሳይሞላው ቀበሩት። ሽሬ ደግሞ እንጀራው አንደበቱ ነው።

«ይጠብቅ» አለች። «በሳሙና ፈትጉት። እኔም መጣሁ።»

ግንባሩ ዘጠኝ ቀን ታሸ። በአሥረኛው ቀን መሣሪያው ቁጥር ሰጠ፤ ሽሬም ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። መሃል ላይ የግራው ቁጥር ወረደ፤ ቢላን ተጣራች፤ ሐኪሞቹም የደም ግፊቱን ከፍ አድርገው መለሱት። ሃሊሞ ይህን የሰማችው ካለፈ በኋላ ነው።

በማግስቱ የጉሮሮው ቱቦ ሲወጣለት ጎንበስ አለችበት።

«ሽሬ፣ ታውቀኛለህ?»

እሷን፣ ሂሻምን፣ ነርሷን አንድ በአንድ አያቸው።

«ዋሂል!» አለ በሻከረ ድምፅ። «ሁለት ሰው ነው የቀረው፣ ግቡ!»

ሂሻምና ቢላን ሳቁ። ሃሊሞ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች።

ዛሬ ሽሬ ተራው ላይ ቆሞ እንደ ድሮው ይጮሃል። በቀዶ ሕክምናው የተተከለለት ሰው ሠራሽ የልብ በር ግን ደም እንዳያረጋና የረጋውን ወደ አንጎሉ እንዳይልክ፣ ክኒን መዋጥና በየወሩ ደሙን መመርመር አለበት። ክኒኑን ሃሊሞ ራሷ ታስውጠዋለች። ምርመራውን ስታነሳበት «መኪናው ይሙላና» ይላታል።

የዚህ ወር ቀጠሮው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ገና አልሄደም።