ውኃ በአፍ ይዞ ማንበብ

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ለዘጌ ልጆች ዳዊት ሲያስደግሙ፣ ሴት ልጃቸው ሸጊቱ ከደጅ ቡና እየለቀመች በጆሮዋ ትማር ነበር። ስለዚህ ለእሷ ንባብ ማለት ድምፅ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሐይቁን ተሻግራ ከተማ፣ ዓባይ ማዶ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ገብታ አምስተኛ ክፍል ስትጀምርም ያው ሆነ። ጠዋት ሰልፍ ላይ መፈክር ሲጮህ ድምፅዋ አይሰማም፤ መጽሐፍ ስትገልጥ ግን እየተወዛወዘች ካላነበነበች ምንም አይገባትም።

«ደብተራዋ! ዛሬ ሂሳቡ በንባብ ነው በዜማ?» ይሏታል ልጆቹ።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ሂሳብ የሚያስተምሩት እናትዓለም ነበሩ፤ ባላቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከናዝሬት አብረውት የመጡ። በኅዳር ፈተና ላይ ሹክሹክታ ሰሙ። ሸጊቱ ለጎረቤቷ መልስ የምትነግር መስሏቸው ወረቀቷን ነጠቋት። ዜሮ።

ልጆቹ ሲወጡ እሷን አስቀሯት። «ለማን ነበር የምትነግሪው?»

«ለራሴ ነው፣ ቲቸር።»

«እያየሽኝ ተናገሪ!»

ሸጊቱ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። በአባቷ ቤት የመምህሩን ፊት ሽቅብ የሚያይ ባለጌ ነው፤ እናትዓለም ግን ያጠፋ ሰው አንገቱን የደፋ መሰላቸው። ሆኖም አንድ ነገር ቆረቆራቸውና ሰሌዳው ላይ አዲስ ጥያቄ ጻፉላት። ልጅቱ ባዶ ክፍል ውስጥ እየተወዛወዘች ታነበንብ ጀመር።

«አሁንስ ለማን ነው? ለግድግዳው?»

መልሱ ትክክል ነበር።

መምህርቷ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ሸጊቱ ይቅርታ የሚጠይቅ መምህር አይታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ፈትታ መልሳ አሰረች።

ዜሮው ተሰረዘ። ጭንቁ ግን ሰኔ ነበር። የሚኒስትሪ ፈታኞች ከሌላ ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ድምፅ ያሰማ ወረቀቱን ተነጥቆ ይወጣል። ከወደቀች ትምህርቱ በዚያው ያበቃል፤ ወደ ዘጌ መመለሷ ነው።

እናም በየምሳ ሰዓቱ ሁለቱ ሐይቁ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ያዙ። እናትዓለም የዘየዱት ዘዴ የሚያስቅ ነበር፦ አፍን ውኃ ሞልቶ ጥያቄ መሥራት። ከዋጠች ወይ ከተፋች እንደ ገና ትጀምራለች።

«ብቻሽን አትደክሚም፤ እኔም አለሁ» ብለው የራሳቸውንም አፍ ሞሉ። ጉንጫቸው ተነፍቶ ስታይ ሳቋ አመለጣትና ውኃው ቀሚሳቸውን አራሰው። በድንጋጤ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች፤ እሳቸውም እየሳቁ ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ጥያቄ፣ ግንቦት ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ያለ ድምፅ መሥራት ቻለች።

በፈተናው ቀን እናትዓለም በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ድምፅ አሰማሽ?»

«አንድ ጊዜ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ምን ብለሽ?»

«ወረቀቱን ከሰበሰቡ በኋላ ‹ተመስገን› አልሁ።»

ውጤቱ ሲመጣ መሪጌታ በታንኳ ተሻግረው መጡ። «እኔ አፏን ከፈትሁላት፤ እርስዎ መዝጊያ አበጁለት። እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ከወገባቸው ዝቅ ብለው።

«ኧረ አመስጋኟስ እኔ ነኝ፣ መሪጌታ» አሉ እናትዓለም። «ልጅዎን ባላገኝ፣ አንገቱን የደፋውን ሁሉ ሌባ እያልኩ እኖር ነበር።»

ሸጊቱ ሁለቱንም መምህሮቿን አስከትላ ለዘጠነኛ ክፍል ልትመዘገብ ሄደች።