ጣት ያዢ

ትናንት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የጎረቤት ልጅ ልደት ላይ፣ ምትሃት የሚያሳየው ወጣት ሁለት ካርታ ለልጄ ዘረጋላት። አንዱን ነካች። "እሺ፣ የነካሽው ይውጣ" አለና የቀረውን ገለጠ። ትመርጪዋለሽ ብሎ አስቀድሞ የተናገረው እሱኑ ነበር። ሌላኛውን ብትነካ "እሱን ያዢው" ይላት ነበር።

የሳሪሷ አክስታችን ከእኔና ከእህቴ አንዳችንን ወስዳ ልታሳድግ አቃቂ ቤታችን የመጣች ቀን፣ አባዬም ሁለት ጣቶቹን ዘረጋልኝ። የፋብሪካ ዘይት ይሸቱ ነበር።

"አንዱን ያዢ።"

ትንሿን ጣት ያዝኩ።

"በቃ፣ የያዝሽው እህትሽን ነው፤ እሷ ትሂድ። እኔ የለሁበትም፣ አንቺው ነሽ የመረጥሽው።"

የትኛው ጣት ማን እንደሆነ ቀድሞ አልነገረኝም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ዛሬም ሳሪስ ልጠይቃት ስሄድ፣ "እዚህ የላከችኝ እሷ ናት" ብላ ነው ለጎረቤቶቿ የምታስተዋውቀኝ።