ቀለሙ እስኪመለስ

በጌጥ ዓሣ መሸጫው፣ በየገንዳው ላይ የዓሣውን ስምና ጠባይ ጽፋ የምትለጥፈውን ሴት ሁሉም «እትዬ ቆይ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የሱቁ ባለቤት፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። እሷ ግን «ቆይ» የምትልበት ምክንያት አላት። የባሕር ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ቀለሙ ይገረጣል። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ጨዋው ዓሣና ትንንሾቹን የሚውጠው አንድ ዓይነት ይመስላሉ! ስለዚህ ቀለሙ እስኪመለስ ምንም አትለጥፍም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጥተው አዲስ የገባውን ግርጥ ያለ ዓሣ ወደዱት።

«ባለቤቴ ስታርፍ ትንንሽ ዓሦቿን ትታልኛለች። ከነሱ ጋር ይስማማል?»

«እንዴታ! በግ ነው እኮ» አለ ባለሱቁ።

«ቆይ፣ ነገ ይምጡ አባባ» አለች እሷ፣ የዛለ እግሯን ከጫማዋ እያወጣች። «ቀለሙ ስላልተመለሰ ገና አልለየሁትም።»

«ደሞ ጀመረች!» አለ ባለሱቁ። «ሞት ራሱ ቢመጣ ‹ቆይ› ሳትይው አትቀሪም!»

ሽማግሌው ተናደው ወጡ። ባለሱቁም አኮረፋት። ለመከራከር አቅም ስላልነበራት ገንዳዎቹን አጥባ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ መብራቱን ስታበራ የዓሣው ቀያይ መስመሮች ተመልሰዋል። ያው የሚውጠው ነው። «ትንንሽ ዓሦችን ይበላል» ብላ ጽፋ ለጠፈች። ባለሱቁ አነበበና ጉሮሮውን ጠረገ።

ረፋዱ ላይ ሽማግሌው ተመለሱ። ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አነበቡና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ሌላ ዓሣ ሲመጣ ንገሪኝ» አሏት። «ቀለሙ እስኪመለስ እጠብቃለሁ።»

እሷም ሌላ በርጩማ ስባ አጠገባቸው አረፍ አለች።