ብሩሹን ያጠብኩበት ውሃ

«አትጠምዝዢው አልኩሽ! ጨመቅ፣ ለቀቅ። የወለል ጨርቅ መሰለሽ እንዴ?»

«እሺ አባባ። ከዚያስ? ነብሩ ምን አለ?»

«ነብሩ ይቆይ። መጀመሪያ አረፋው ይውጣ።»

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው እንዲህ ነበር፤ እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ እየተቆጡኝ። አያቴ አባባ ደስታ ላሊበላ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ፀጉር ቤት ጢም ይላጩ ነበር። አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ሰው ይነሳል። ውሃ የሚሞቅበት ምድጃ ውስጥ ፍሙ አመድ መልበስ ይጀምራል፣ ኩራዙ ይለኮሳል፣ እኔ የሳሙናውን ብሩሽ አጥባለሁ፣ እሳቸው ያወራሉ። ብሩሹ ታጥቦ ሲያልቅ ተረቱም ያቆማል። ስለዚህ ሥሩ ላይ ሆን ብዬ አረፋ አስቀርና «ገና ነው አባባ» እላለሁ።

ነብሩ ዥንጉርጉሩን ሊላጭ ዝንጀሮ ዘንድ ሄዷል። ዝንጀሮ አንድ ጎኑን እንደጨረሰ ምላጩ ደነዘበት። ነብሩ በአንድ በኩል ነብር፣ በሌላው በኩል ምንም ሆኖ ወደ ሚስቱ ሊመለስ ነው። እዚያ ላይ ነበርን።

ብሩሽ ሕግ አለው። የሚፋጅ ውሃ አይነካውም፤ ጠጉሩን የያዘው ማስቲሽ ይለቃል። ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ አይቆምም፤ ውሃው ወደ ሥሩ ይወርድና ያበሰብሰዋል። ሦስቴ ይራገፋል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይዳበሳል፣ ከቆልማማዋ ሽቦ ላይ ቁልቁል ይሰቀላል። እሳት ዳር አይደርቅም። «የሰው ፊት ላይ የሚያርፍ ነገር ነው» ይላሉ አባባ። ለዚያ ብሩሽ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሳሱለት ነበር። አንድ ፈረንጅ ተላጭቶ የሰጣቸው ነው።

የሰጣቸው ለታ ወንበሩ ላይ ሰይድ ነበር። ሰይድ ከጋሸና መጥቶ ከተማችን ውስጥ ጨው የሚነግድ ሰው ነው። አርብ አርብ ጠዋት፣ ጁምዓ ሳይደርስ ይመጣል። ጢሙን አያስነካም፣ ጉንጩንና አንገቱን ብቻ ያስጠርጋል።

«አንቺ ተማሪዋ» አሉ አባባ፣ «እጀታው ላይ ምን ይላል?»

በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን አላውቀውም። ሁለት ሰው እያየኝ አላውቅም ማለት አቃተኝ።

«የፈረስ ጭራ ይላል።»

«ትማር ይህቺ ልጅ!» አለ ሰይድ። «ወላሂ አያ ደስታ፣ በቅሎ እንኳ የሌለን ሰዎች ፊታችን በፈረስ ሊሄድ ነው።»

በሳምንቱ ቃሉን ደብተሬ ላይ ገልብጬ ትምህርት ቤት ካለው መዝገበ ቃላት ፈለግሁት። ከርከሮ። የዱር አሳማ።

ያኔ መቀመጥ አቃተኝ። መቆምም። ከእኛ እስላሙም ክርስቲያኑም የማይነካው እንስሳ ጠጉር በአረፋ ተሸፍኖ በየሰው ጉንጭ ላይ ይዞራል፤ አባባም በእሱው ተላጭተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ብናገር ውሸቴ ይወጣል፣ ሰውም አባባን «እያወቀ ነው» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ወንበራቸው ላይ ይቀመጣል? ዝም ብል አርብ ይመጣል። አርብ መጣ። ሌላም አርብ መጣ። ፋሲካም አለፈ፤ የአርብ ጾምም ተመለሰ።

በመጨረሻ ያስተማሩኝን ሕግ ገለበጥኩት። አባባ ደጅ ያለውን አግዳሚ ሊያስገቡ ሲወጡ የማንቆርቆሪያውን ፍል ውሃ ብሩሹ ላይ አፈሰስኩ። ከመስተዋቱ ጀርባ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጌ አቆምኩት። ጠዋት ቀድሜ ደርሼ ሽቦው ላይ መለስኩት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። አባባ የነብሩን ነገር እያወሩ ነበር፤ እኔ የምሰማው የማንቆርቆሪያውን መንተክተክ ብቻ ነው።

አርብ ሰይድ ወንበሩ ላይ ሳለ ጠጉሩ ተነቀለ። አንድ ሁለት አይደለም፣ በጭብጥ። ጉንጩ ላይ ከአረፋው ጋር ተለጠፈ።

«አያ ደስታ፣ ፈረስዎ ጭራውን ጣለብኝ!»

ሰይድ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። የብሩሹን ሥር በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አስቀመጡት። የቀረውን በእጃቸው አረፋ ቀብተው ላጩት። ሰይድ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«እጅሽን አምጪው።»

ጣቴ ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ነበር።

«ማን ቀቅዪው አለሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መዝገበ ቃላቱን፣ ከርከሮውን፣ የፈረሱን ውሸት። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

«ለፋሲካ ስላጭ ታውቂ ነበር?»

«አዎ አባባ።»

ብሩሹን መልሰው አነሱት። «እንጣለውና ሌላ እንግዛ፤ ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

«አንቺና እኔስ ማን ነን?»

ብሩሹን በጋዜጣ ጠቀለሉት። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ጁምዓው እስኪፈታ ጠበቁና ወደ ሰይድ ቤት ቁልቁል ወረድን። ያገኘናቸው ሁሉ ቆመው ሰላም ይሏቸዋል። ሰላምታ በሰጧቸው ቁጥር ወረቀቱን ጠበቅ ያደርጉታል።

የነብሩን መጨረሻ አልሰማሁም፤ ጠይቄም አላውቅ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በማላውቀው ፀጉር ቤት በር ሳልፍ ብሩሻቸው ወዴት ዞሮ እንደተሰቀለ አያለሁ፤ አይቼም አይበቃኝ፣ ሌላኛው ቤት ድረስ እግሬ ይቸኩላል። የቀረኝ ተረቱ አይደለም። የቀረኝ ያ ቁልቁለት ነው፣ የእሳቸው ቀስ ማለትና የእኔ መሮጥ መፈለግ፤ ወዴት እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

ሰይድ ራሱ ከፈተልን። ጉንጩ ከምላጩ ገና ቀልቶ ነበር።

«አያ ደስታ! ይግቡ፣ ይግቡ! ምሳ ደርሷል። አርብ መሆኑን አልረሳሁም፣ ሽሮ አለልዎ።»

«ምሳውን አቆየው ሰይዴ። መጀመሪያ ስማኝ።»

ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ገቡ። ልከተላቸው እግሬን አነሳሁ፤ ሰይድም እንድገባ ዘወር አለልኝ። አባባ ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱና በሩን ዘጉት።