ጾመኛው ሙቀጫ

የእኔ ሙቀጫ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። በነቀምቴ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ የተናገርኩት ስለሆነ ምላሴ ለምዶታል፤ ዛሬ የሚጠራጠረኝ ሰው ባይኖርም ልተወው አልፈልግም።

ሙቀጫው የእናቴ ነበር። እናቴ የጎጃም ሰው ናት። በጃንሆይ ዘመን አባቴን ተከትላ ወለጋ ገባች፤ አባቴ ሲሞት ዘመዶቿ ነይ ቢሏትም ወደ አገሯ ከመመለስ ኑግ መውቀጥ መረጠች። ኑግ በወለጋ ሞልቷል። ዝናቡ እንዳባራ ከነቀምቴ ወደ ጉቴ የሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ ቢጫ ነው። የእናቴ ዘይት ግን እንደማንም ዘይት አልነበረም። ኑጉን አበጥራ፣ እሳቱን አለስልሳ ታምሰዋለች፤ ትንሽ ካረረባት ትደፋዋለች እንጂ አትወቅጠውም። ከወቀጠችው በኋላ በገበቴ አድርጋ በሙቅ ውሃ ታሸዋለች፤ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ትገፍፈዋለች። የቀረው ፋጉሎ ለጎረቤት ላሞች ይሄዳል።

የከተማው ጾመኛ ሁሉ ከእሷ የሚገዛው ግን ስለ ጣዕሙ ብቻ አልነበረም። ሙቀጫው፣ ዘነዘናው፣ ገበቴውና ጭልፋው ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ፍስክ አልነካቸውም። ቅቤ የያዘ እጅ ሳይታጠብ አይጠጋቸውም። ፋሲካ ሲሆንና እኛ ስንፈስክ፣ እነሱ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ጥጋቸውን ይዘው ይውላሉ። በልጅነቴ በዓል የማይደርሳቸው እየመሰለኝ ያሳዝኑኝ ነበር።

እናቴ ስትሞት ሥራው ለእኔ ተረፈ። ከሞተች በኋላ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው አገባሁ። የጉቴ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛው ጣፋጭ፣ አማርኛው እንደ መጽሐፍ የተስተካከለ፣ ከእኔ ጸባይ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ዝምተኛ። ወደ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ በጾምም ከእሱ ጋር ቅቤ በላሁ። ይህን አልደብቅም። ዕቃዎቹን ግን እናቴ እንደያዘቻቸው ያዝኩ። ጓዳውን ለሁለት አስከፍዬ ለእነሱ የራሳቸውን በር አስወጣሁላቸው። ባሌ ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። እኔ ባልጾምም የሚገዙኝ ሰዎች ይጾማሉ፣ አምነውኝ ነው የሚበሉት አልኩት። ከዚያ በኋላ ጠይቆኝ አያውቅም፤ በዚያ በር ሊገባ ሲል ግን እጁን ይታጠብ ነበር።

ከአንድ የግሪክ ነጋዴ ጋር የተዋወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። ሁላችንም ሙሴ እንለዋለን። ሱቁ ውስጥ ከጨርቁ፣ ከሚስማሩና ከላምባው ራቅ ብሎ ለብቻው የተሠራ መደርደሪያ ነበረ፤ እዚያ ላይ የወይራ ዘይት በቆርቆሮ ይደረድራል። ወንድሙ ከአገሩ ጭኖ ይልክለታል። በመርከብ ጅቡቲ፣ በባቡር አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአምቦና በባኮ በኩል በጭነት መኪና ይመጣል፤ ክረምት ከሆነ ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ ነው የሚደርሰው። ይህን ሁሉ ተጉዞ ሲደርስ ሰው በሲኒ እየገዛ ለጆሮ ሕመም ያደርገዋል፣ ወይም ፀጉሩን ይቀባዋል። ሙሴ በዚህ ይበግናል። ለጆሮዬ ብሎ የመጣ ሰው ሲያይ፣ መደርደሪያው ሞልቶ እያለ፣ የለም ብሎ ይመልሰዋል።

አንድ ቀን ጨርቅ ልገዛ ገብቼ ዘይት እንደምሠራ ሰማና በማንኪያ አቀመሰኝ። ጉሮሮዬን እንደ ፌጦ ለበለበኝ። ተበላሽቷል አልኩት። ፊቱ ቀላ። የሚለበልበው ሕያው ስለሆነ ነው፣ የማይለበልብ ዘይት የሞተ ነው ብሎ ቆጣ አለ። በማግስቱ የእኔን በትንሽ ብልቃጥ ይዤለት ሄድኩ። አሸተተ፣ በአፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ብዙ አሰበና ደህና ነው አለኝ። እናቴ አርባ ዓመት እንዳልወቀጠች፣ ደህና ነው። ብልቃጤን ነጥቄው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እንጣላ ነበር። እሱ የወይራውን ዘይት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጎ፣ በሌላው እጄ ከድኜ አሙቄ እንዳሸተው አስተማረኝ። እኔ ደግሞ ከኑጉ ዘይት ፍም ላይ ጠብ እያደረግሁ፣ ንጹሕ ከሆነ ጢሱ ዓይን እንደማይቆጠቁጥ አሳየሁት። እሱ አዲስ ቆርቆሮ ሲከፍት ያስጠራኛል፤ እኔም አዲስ ኑግ ስወቅጥ የመጀመሪያዋን ጭልፋ ለእሱ አስቀምጣለሁ። ሁለታችንም ተሸንፈን አናውቅም። ግን በዚያ ከተማ በዘይት ነገር የሚያብድ ሰው እሱና እኔ ብቻ እንደሆንን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ካገባሁ በኋላ የመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ገባ። ዘይቱ በየጋኑ ሞልቶ ተቀምጧል፣ ገዢ የለም። በእናቴ ጊዜ ቅበላ ሳይደርስ ደጃችን በጠርሙስ ይሞላ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት ወይዘሮ መጡ። የሸዋ ሰው፣ የአንድ ሹም ባለቤት፣ የእናቴ የቆዩ ደንበኛ ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ከእኔ እኩል ያለቀሱ ሰው ናቸው። ከሳምንት በፊት የላክሁላቸውን ጠርሙስ እንደሞላ መልሰው ይዘውት መጥተው ነበር። ቤትሽ ፍስክ ነው ተብሏል አሉኝ። ቤቴ ፍስክ ነው፣ ዕቃዎቹ ግን አይደሉም አልኳቸው። ይግቡና ይዩ ብዬ ጓዳውን ከፈትኩላቸው። ወደ ውስጥ እንኳ አላዩም።

«ልጄ፣ እኔ ዕቃሽን አይደለም የምጠይቅሽ» አሉ። «አንድ ቃል በይ። እጾማለሁ በይኝ። ለሌላው እኔ እነግርልሻለሁ።»

እንደ እናት አዝነውልኝ ነው የተናገሩት፤ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ። ቃሉ ቀላል ነበር። ብናገረው ግን ባሌን እንደካድኩ ነው። ከዚያም የከፋው፣ ሙቀጫው ዕድሜውን ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ኖሮ በመጨረሻ በውሸቴ ሊታመን ነው። እምቢ አልኳቸው። ጠርሙሱን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ከባሌ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ መጥተው በለሆሳስ መከሩኝ። ይህን ዕቃ ለይቶ የማስቀመጥ ነገር ተዪው፣ ዘይት ዘይት ነው፣ ከቅቤውም ጋር ይዋል፣ ለፈለገው ሁሉ ሽጪ አሉኝ። እሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም። ቢጨንቀኝ ሳቅ መጣብኝ። አንደኛው ወገን አፌ እንዲዋሽ ይፈልጋል፣ ሌላው ሙቀጫዬ እንዲዋሽ። በዚህ ጾም ካልሸጥኩ የእናቴ ሥራ በእኔ እጅ ሊሞት ነው፤ ያንን ደግሞ ሞቼም አልፈቅድም።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። ባሌ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት እጁን ታጥቦ ሙቀጫውን ተሸከመልኝ። ገበያው መሀል አስቀመጥነው፤ እሳት አንድጄ ኑጉን እዚያው አመስኩ፣ ሕዝብ እያየ መውቀጥ ጀመርኩ። ከጉቴ ኑግ ይዘው የሚመጡ አንዲት አሮጊት ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አካም ቡልቴ ብለን እንደምን አደርሽ ተባባልን። ነገሩን ከሰው ሰምተውት ኖሮ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ቀጥቅጪው፣ እኔ አለሁ» አሉኝ፤ ፀሐዩ እንዳይመታኝ ጋቢያቸውን በሁለት እንጨት ወጠሩልኝ። ልጄ ብለው ሲጠሩኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን ላለቅስ አልነበረም የወጣሁት።

ሰው ተሰበሰበ። ያያል፣ ይንሾካሾካል፣ አይገዛም። ዘይቱን ገፍፌ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ ለፀሐይ ከፍ አደረግሁት፤ እንደ ጠራ ማር አበራ። ማንም እጁን አልዘረጋም። በዚህ መሀል ወይዘሮዋ ከጓደኞቻቸው ጋር መጡ። አሁንም ሊረዱኝ ፈልገው ነው። ሁሉም እየሰማ፣ ያችን አንድ ቃል በይና የመጀመሪያውን ጠርሙስ እኔ እገዛለሁ አሉ። ዘነዘናውን አስቀመጥኩ።

«እኔ ቅቤ እበላለሁ» አልኩ። «ዛሬ ጠዋትም በልቻለሁ። ይህ ሙቀጫ ግን ከተሠራ ጀምሮ በልቶ አያውቅም። የምትገዙት የእሱን ነው።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፤ አንዷ አማተበች። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመልሰው ሄዱ። ጓደኞቻቸውም ተከተሏቸው። መልሼ መውቀጥ ያዝኩ።

ያኔ ሙሴ ሰዉን እየገፋ መጣ። ባዶ ጠርሙስ ይዟል። ሊያሾፍብኝ የመጣ መሰለኝና ገና ሳይናገር፣ ሙሴ፣ የወይራው አለቀ እንዴ አልኩት። አላለቀም አለ። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ፤ ያ ሁሉ ሰው ስለ ወይራ ዘይት ሲሰብክ የሰማው ሰው ነው። ከዚያ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ተናዘዘ። በአገሩ ሥርዓት በዐቢይ ጾም ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር የወይራ ዘይት አይበላም። የተከለከለው ወይራው ነው፤ ኑግ አልተከለከለም። እናቱ እንዲህ ስላሳደጉት በየዓመቱ ወጥ ሠሪው በድብቅ ከእናቴ ይገዛለት ኖሯል፤ እናቴም ይህን ምሥጢር ይዛ ነው የሞተችው። ዘንድሮ ወጥ ሠሪው የሰው ወሬ ሰምቶ ከሌላ ቤት ገዛ። ሙሴ አንዴ ቀምሶ ተፋው።

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። የዘይቶች ንጉሥ የሚለው ዘይቱ በጾም ተከልክሎ፣ ደህና ነው ያለውን የእኛን ቤት ኑግ ነው ሲበላ የኖረው። አሮጊቷም ሳቁ፣ ገበያውም ሳቀ። እሱ ግን ጠርሙሱን እንደዘረጋ አልተንቀሳቀሰም። በዚህ አከበርኩት። ዘይት ከልቡ የማይወድ ሰው ለዘይት ብሎ እንዲህ አይዋረድም። ጠርሙሱን ሞላሁለት። ዞር ብሎ ለሰዉ እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስለ እሷ እመሰክራለሁ ማለት ሲጀምር አስቆምኩት።

«ምስክር አልፈልግም» አልኩት። «ገዢ ነው የምፈልገው።»

ከእሱ በኋላ አንድ ደብተራ ገዛ፤ ቀጥሎ አንዲት ጠጅ ነጋዴ። በየሳምንቱ ሐሙስ ሙቀጫውን አወጣሁ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ሰው ጨመረ። ሁሉም አልተመለሱም። የተመለሱት ግን ቅቤ እንደምበላ እያወቁ ነው የተመለሱት፤ ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል።

ወይዘሮዋ አልመጡም። በዓመቱ ጾም ሲገባ፣ አመሻሹ ላይ ሠራተኛቸው ጠርሙስ በነጠላዋ ሸፍና በጓሮ በኩል ብቅ አለች። መለስኳት። በሰው ፊት ነው የከሰሱኝ፣ በሰው ፊት መጥተው ይግዙ በያቸው አልኩ። ባሌ ጨከንሽ አለኝ፤ እውነቱን ነው። እሳቸውም አልተሸነፉም። ከሌላ ሰው ዘይት ሳይገዙ፣ ሽሯቸውን ያለ ዘይት እያበሰሉ ጾሙን እንደሚጨርሱ ሰማሁ። በየዓመቱ እንዲሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጅ እነሣለሁ፣ እሳቸውም ደህና ነሽ ወይ ይሉኛል፣ ከዚያ እንተላለፋለን። ትዕቢተኛ ናቸው እያልኩ በልቤ እሰድባቸው ነበር፤ ራሴን የሰደብኩ ያህል ይሰማኛል።

እኔ የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ ወይዘሮዋ አረፉ። አርባቸው ዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው ጥቁር ለብሰው ቤቴ መጡ። አርባዬ በጾም ከዋለ ዘይቱ ከእሷ ይሁን፣ ከሌላ እንዳትገዙ ብለው ነው የሞቱት አሉኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በሕይወት እያሉ አንድ ሐሙስ ብቅ ብለው ይህን ቢሉኝ ምን ነበረበት። በንዴት አለቀስኩ፣ ቀጥሎ በናፍቆት፤ ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ያዩኝ ነበር። ታላቅየዋ እያፈረች፣ ቀሳውስቱ ስለሚኖሩ ዘይቱን በጓሮ በኩል ብትልኪልን ይሻላል አለችኝ። እኔ ራሴ በፊት ለፊት አመጣዋለሁ፣ ካልሆነ ዘይት የለም አልኳት።

ማሰሮውን አዝዬ በዋናው በር ገባሁ። ወጡ ተሠራ፣ ቀርቦም ተበላ። አንድ ሽማግሌ ቄስ የመጀመሪያውን ጎርሰው ቆም አሉ። እንዲህ ያለ ዘይት ከበላሁ ብዙ ዘመኔ ነው፣ የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ። ልጆቹ አቀረቀሩ። ሁሉም የማን እንደሆነ ያውቃል፣ የሚናገር ጠፋ።

«የእኔ ነው፣ አባቴ» አልኩና ሁለተኛውን እስኪጎርሱ ድረስ ከፊታቸው ቆሜ ጠበቅኋቸው።