በ«ልዩ ልዩ» ስር የጻፍኩት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እናንተ ስለማታውቁኝ ሳይቀለኝ አልቀረም።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ በምንኖርበት ብሎክ፣ ውሃ በፈረቃ እንኳ አልመጣ ብሎ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይባል የለ? ውሃውን ማን እየዘጋብን ነው እያልን ሁላችንም እርስ በርስ እንጠረጣጠር ነበር፤ እኔ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊዋ፣ ከሁሉም ባስኩ። ጥርጣሬዬ ያረፈው እትዬ ዘሀራ ላይ ነው። ከወሎ የመጡ፣ እዚሁ ብሎካችን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በብሎኩ መግቢያ በቆርቆሮ ሱቅ ሳምቡሳ እየሸጡ የሚተዳደሩ እናት ናቸው። አንድ ማለዳ የውሃ መዝጊያው ላይ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው? አልጠየቅኩም። ፈረድኩባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የወረዳው ተወካይ ባሉበት ተሰበሰብን። ስለ ውሃው ብዙ ተጮኸ፤ መልሱ «ተመዝግቧል» ብቻ ነበር። እንደ ልማዳችን ሰው ሳይበተን ባዶ ወረቀት ላይ ይፈርማል፤ ቃለ ጉባኤውን እኔ ቤቴ ገብቼ እጽፈዋለሁ። እትዬ ዘሀራ መነጽራቸውን ረስተው ኖሮ፣ «ልጄ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አሳየኋቸው።

ቤቴ ገብቼ የተባለውን ሁሉ በትክክል ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ ስብሰባ ሁሉ በሚያልቅበት «ልዩ ልዩ» በሚለው ስር፣ ማንም ያላነሳውን ነገር ጨመርኩ፤ በመግቢያው ያለው ሱቅ እንዲነሳ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። እኔ ጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ሱቁን ሊያነሱ ከወረዳው የመጡት ሰዎች «እርስዎም ፈርመዋል እኮ፣ እማማ» ብለው ወረቀቱን አሳዩአቸው። እትዬ ዘሀራ አስጠግተው አዩት። «አዎ፣ ፊርማው የኔ ነው» አሉ።

ጎረቤቱ ሁሉ «እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው የተወሰነው» እያለ አጠገቡ ተቀምጦ የነበረውን ጠረጠረ። እትዬ ዘሀራም ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን አቶ ተስፋዬን ጠርጥረው ሰላምታ ነሷቸው። እኔን የጠረጠረኝ የለም። ውሃውም አልመጣም። ኋላ እንደሰማሁት፣ ያን ማለዳ እትዬ ዘሀራ የሚያፈሰውን ቧንቧ በላስቲክ እያሰሩ ነበር።

አንድ ቀን በሬን አንኳኩ። «አንቺ ጽሕፈት ታውቂያለሽ፣ አቤቱታ ጻፊልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ወላሂ አልሰማሁም» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። አሳምሬ ጻፍኩላቸው! ሱቃቸውን ሊመልስላቸው የሚችለውን አንድ ነገር ብቻ ተውኩት፤ ውሳኔው የተጨመረው ከፊርማው በኋላ መሆኑን። መርቀውኝ ሄዱ። አቤቱታቸውም ውድቅ ሆነ።

ፈርቼ ነው ልበላችሁ? ማንን ፈርቼ? ደግ ሰው መባሌ እንዳይቀርብኝ ነው እንጂ! ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላስቸግርም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እትዬ ዘሀራ ያሉት ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። እስካሁን አልወረድኩም።