ፊደንሲዮ ማኮብኮቢያ ሲለካ

ማርሴሊና ባሏን ስታስታውስ ቀድሞ የሚመጣባት የፍሬኑ ሲጢጥታ ነው። ፊደንሲዮ ዕድሜውን ሙሉ በሉባኦ ከተማ መንገድ ጂፕኒ የሚሉትን የሕዝብ ታክሲ ነድቷል። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ሒሳብ ትቀበላለች፤ የሚወርድ ሰው ሲኖር «ወራጅ አለ!» ብላ ትጮኻለች።

ኋላ ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። እጁ ዘገየ፣ መንጃ ፈቃዱም ቀረ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው ጂፕኒ ሲቆጥር መዋል ሆነ ሥራው። ከዚያ በረንዳ ያነሳው፣ እግዜር ይስጠውና፣ ኡርባኖ ነው። ኡርባኖም የድሮ ሾፌር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ኮምፒውተር ቤት ገብተው የጦር አውሮፕላን ጨዋታ ይጫወታሉ። አብሮ ተነስቶ፣ ተዋግቶ፣ አብሮ ማረፍ ነው ደንቡ።

ፊደንሲዮ መብረሩ አላቃተውም፤ ማረፉ ነው እንጂ። የፍሬኑ መያዣ በግራ በኩል ነው። እጁ እስኪታዘዝለት ማኮብኮቢያው ያልቅና አውሮፕላኑ ዳር ወጥቶ ይንኮታኮታል።

«ፓሬ፣ ወዳጄ፣ እንዳትቀየመኝ» አለው ኡርባኖ አንድ ቀን። «ቅዳሜም ዳር ከወጣህ፣ አንተ ምድር ላይ ሆነህ በሬዲዮ ብታወራን ይሻላል።»

«በቀቀን ልታደርገኝ ነው?»

«በቀቀን እንኳ ማረፍ ያውቃል!»

ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ቤቱ ገብቶ ግን ራቱን አልነካም።

በማግስቱ «ረጅሙን ሜዳ ፈልጌ እዚያ ነው የማርፈው» አላት ሚስቱን። የሜዳዎቹ ርዝመት የትም አልተጻፈም። ሾፌር መንገድ የሚለካው ነድቶ ነውና፣ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ አውሮፕላኑን በመሬት ላይ በአንድ ፍጥነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳዋል፤ እሷ አጠገቡ የእጅ ሰዓቷን ይዛ ትቆጥራለች። ፍጥነቱና ሰዓቱ ከታወቀ ርዝመቱ ይገኛል። በጨዋታው ካሉት ሁሉ አንዲት ደሴት ላይ ያለው ሜዳ በለጠ። ደስ ብሏቸው ሲያርፉበት አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ባሕር ገባ።

«ቆጠራሽ ነው!»

«የኔ ቆጠራ? ያን ሁሉ ዘመን ተሳፋሪ ስቆጥር ተሳስቼብህ አውቃለሁ አንተ ሰውዬ?»

ተኳረፉ። እሱ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። ሜዳው ዳር እንጨት ላይ የተሰቀለች ጨርቅ ትውለበለባለች።

«ሊና፣ ነፋስ አለ!»

የጂፕኒ ፍጥነት ቆጣሪ የሚያውቀው የጎማውን ነው፤ የአውሮፕላን ግን ፊት ለፊት የሚመታውን አየር። ነፋሱን ገፍተው ሲነዱ ቆጣሪው ያለውን ያህል አልሄዱም፤ ለዚህ ነው ሜዳው ያለ ልኩ የረዘመባቸው። የጂፕኒ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ሄደውም ተመልሰውም ለኩ፣ መካከሉን ያዙ። በእውነት የሚረዝመው ከአንድ ተራራ ሥር ያለው ሆነ። ሲለማመዱበት ሜዳው ዳር ያለውን ነጭ ቤት ምልክት አደረጉ፤ ፍሬን የሚያዘው እሱ ጋ ነው።

ቅዳሜ ሆነ። ኡርባኖ «ቅርቡ ሜዳ ላይ እንረፍ» ሲል ፊደንሲዮ «የለም፣ ተራራው ሥር ነው፤ ተከተሉኝ» አለ። ጎማው መሬት ነካ። ማርሴሊና ከወንበሩ ጀርባ ቆማለች። ነጩ ቤት ሲመጣ አላስቻላትም፤

«ወራጅ አለ!»

እጁ ከዚያ ድምፅ ጋር ነው የኖረው። ሳይዘገይ ፍሬኑን ያዘ። አውሮፕላኑ ጫፍ ሳይደርስ ቀጥ አለ።

«ሒሳብ ያልከፈለ እንዳይወርድ!» ብሎ ኡርባኖ ጮኸ፤ ኮምፒውተር ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ፊደንሲዮ እስኪሞት ድረስ አንድም ቅዳሜ በረንዳ ላይ አልዋለም። ማርሴሊና ዛሬም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ቀቅላ፣ ገና ትኩሱን፣ ለኡርባኖና ለጓደኞቹ ይዛላቸው ትሄዳለች።